መርዶ የሚጠብቅ ሰው

«ሞላሌ ላይ ወራጅ አለ!»

እሱባለው ይህን ከኋላ ወንበር ሲናገር አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ቀጥ አለ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ በጋቢው ተጀቡኖ፣ ትንፍሽ ሳይል ነበር የመጣው። መልኩን የሚያውቅ የመንዝ ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፁን የማያውቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት ሬዲዮ የሚከፍት ሁሉ ያንን ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ለምዶታል። ረዳቱ ዞር ብሎ አየው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት፣ ከጣርማ በር ጀምሮ ውርጭ ስለመታው ገብስ ሲያወሩ የመጡት ሴትዮ ደግሞ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«እሱባለው ነህ እንዴ? የጌታነሽ ልጅ?»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«እንኳን በደህና መጣህ፣ የኔ ልጅ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሌላውም ሰው ዝም አለ። እሱባለው ሊወርድ ሲነሳ አንዱ ሽማግሌ ብቻ እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉት።

ለምን ዝም እንዳሉ እሱባለው ያውቃል። እናቱ ሞታለች። በሰኔ ተቀብራ፣ ተዝካሯም ክረምቱ ሳይወጣ ተበልቶ አልቋል፤ አሁን ኅዳር ነው። ከዘመድ ወገን ግን መርዶውን የነገረው ሰው የለም። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ መሞቷን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፤ እሱ ማወቁን ግን ማንም አያውቅም። «እያወቁ አለቁ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ያወቀው በእንቁጣጣሽ ነው። የበዓሉን ፕሮግራም ሲከፍት ለአድማጮቹ መልካም ዓመት ተመኘና፣ እንደ ልማዱ «ሞላሌ ላለችው እናቴ ለወይዘሮ ጌታነሽ፣ እማዬ እንኳን አደረሰሽ፣ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን» አለ። በየዓመቱ የሚለው ነው። ከዚያ ሙዚቃ ገባ። ሙዚቃው ሳያልቅ ቴክኒሻኑ አፈወርቅ የስልኩን እጀታ አቀበለው፤ ከመሐል ሜዳ ነኝ የሚሉ ሴት እያለቀሱ ስለሆነ አየር ላይ ላወጣቸው አልቻልኩም አለው። ሴትዮዋ ሰላም እንኳ አላሉትም።

«አንተ ሰው፣ በሙት ይቀለዳል? እናትህን ቀብረን፣ ተዝካሯን በልተን፣ አንተ እንኳን አደረሰሽ ትላለህ? ልብህን ዘፈኑ ወሰደው?» ብለው ዘጉበት።

የቀረውን ሰዓት እንዴት እንደ ጨረሰው አያስታውስም። ግን ጨረሰው። ስለ አንድ የድሮ ትራምፔት ነፊ አወራ፣ ሁለት ጊዜም ሳቀ። ሲወጡ አፈወርቅ ትከሻውን መታ አድርጎ «ምንም አልታወቀብዎትም» አለው። ልጁ ሊያጽናናው ነበር፤ እሱባለውን ግን ከሴትዮዋ ስድብ ይልቅ ያ ቃል ወጋው።

በማግስቱ ለእህቱ ለወሰንየለሽ ደወለ። እማዬስ ሲላት ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ሄዳለች አለችው። በሳምንቱም ሲደውል ያው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። «እንግዲያው አቅርቢልኝ» ብሎ እህቱን መግጠም አልሆነለትም። ይመጣሉ ብሎ ጠበቀ። በአገሩ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ በማለዳ ደጁን አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ብሎ ሱሪውን ይለብሳል። የሚመጣው ግን ዳቦ አዟሪ ነው፣ ወይም የውሃ ቆጣሪ አንባቢ።

አላለቀሰም። መርዶ ያልተረዳ ሰው ለቅሶ አይቀመጥም። እሱ በገዛ እጁ ድንኳን ቢተክል፣ ዕድርተኛው ሁሉ «እህቱ ሳትነግረው እናቱን ቀበረች» ማለቱ አይቀርም፤ ነውሩ ወሰንየለሽ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ዝም ያለው ለዚህ ነበር። ዝምታው ግን ሲውል ሲያድር ቂም ሆነ። የበኩር ልጅ ሆኖ፣ አፈር ሳያለብስ፣ በተዝካሯ ላይ ሳይቆም፣ እንደ ባዳ ከሰው አፍ ሰማ! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ የእሱ ማጭድ ማይክሮፎን ነው። የዛሬውን ፕሮግራም ከተወለድኩበት መንደር በስልክ እከፍተዋለሁ ብሎ ለጣቢያው አስታውቆ ነው የመጣው። አድማጮቹም «ከእናቴ ደጅ» የሚል ማስታወቂያ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰሙ ከርመዋል። እዚያ ቆሞ የሚለውን ግን ለማንም አልተናገረም። ሁሉንም ሊለው ነው፤ እናቱ መሞቷን፣ ማን እንደ ደበቀው፣ ከማን እንደ ሰማ።

ከአውቶቡሱ ወርዶ መንገዱን እንኳ ሳይሻገር መስታወት ሻንጣውን ከእጁ ነጠቀችው። ሞላሌ ላይ ምግብ ቤት ያላት የአባቱ ወገን ናት። ምሳ ሳይበላ ንቅንቅ እንደማይል ነገረችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለች። ወጡን ሳታወርድ ደግሞ አጎቱ አቶ ዳኜ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ፣ መምሬ ወልደ አማኑኤልን አስከትለው ደረሱ። ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሟል ማለት ነው። አጎቱ ሲስሙት እንደ ወትሮው ሦስቴ አላበቁም፤ አንገቱ ሥር ገብተው ቆዩ።

ተቀምጠው ስለ ገብሱ ተጨዋወቱ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ውርጩ፣ ጓሳ ላይ ስለ ታጨደው ሣር ሁሉ ተወራ። አንድ ነገር ብቻ አልተነሳም። እሱባለው እስኪያነሱት ጠበቀ፤ ሲያቅተው ራሱ አነሳው።

«እማዬ እቤት ናት?»

አቶ ዳኜ የጎረሱትን ዋጡ። «የለችም። ጸበል ወርዳለች። ጻድቃኔ ማርያም።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰው ጋር ነዋ።»

«ያን ሁሉ መንገድ? እግሯ ተሻላት ማለት ነው?»

ሽማግሌው ወደ ቄሱ አዩ። «አሁንማ ምንም አያማትም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እውነት ነው፤ አሁን ምንም አያማትም» አሉና መምሬ ወልደ አማኑኤል አማተቡ። በዚያ ገበታ ላይ ከተባለው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው እኔም ጻድቃኔ ወርጄ እዚያው አገኛታለሁ» አለ እሱባለው።

አቶ ዳኜ የያዙት ጉርሻ ከእጃቸው ወደቀ። ዛሬማ አይሆንም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ጉልበትህን አሳርፍ፣ እዚሁ እደርና ጠዋት በማለዳ እንነጋገራለን አሉት። «በማለዳ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እሱባለው ገባው፤ ማታ ሰው ሊሰበስቡ ነው። ያን ሁሉ ማለዳ የጠበቀው ነገር ነገ ሊመጣ ነው። ነገ ግን ለእሱ ዘገየ፤ ፕሮግራሙ ዛሬ በዐሥር ሰዓት ነው። ሽማግሌው ሲጨነቁ እያየ ክፉ ደስታ ተሰማው፤ ወዲያውም በራሱ አፈረ። የሚያስጨንቃቸው ሰው እኮ ለሙዚቃ ያበቁት ሰው ናቸው።

ልጅ ሳለ እናቱ ዜማ ተምሮ ደብተራ እንዲሆንላት ነበር የምትመኘው። አጎቱ ዳኜ ናቸው «ልጁ ልቡ ውጭ ነው» ብለው በበቅሎ አፈናጠው ደብረ ብርሃን ያደረሱት። ከዚያ ወታደር ቤት ገባ፤ ጠመንጃ ይሰጡኛል ሲል ክላርኔት ሰጡት። ዜማ የገባው ጆሮ ስለነበረው ሳይቆይ ሳክስፎን ያዘ፣ ወደ አዲስ አበባም ተዛወረ። በደርግ ጊዜ፣ ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን፣ ሆቴል ውስጥ ከጨፋሪው ጋር ተቆልፎባቸው እስኪነጋ ሲነፉ ያድሩ ነበር። ሌላው ዘፋኞችን ያጅባል፤ እሱ ግን ሰው ሲደክመውና አዳራሹ ሲቀዘቅዝ ከጓደኞቹ ጋር ጃዝ ይጫወታል። ቃል የሌለው ዘፈን ማን ይሰማል ሲሏቸው፣ ያልሰከረ ይሰማል ይሉ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ያልሰከረ ባይኖርም።

ደርግ ሲወድቅ ኦርኬስትራው ተበተነ። እሱባለው ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ካሴት አሳታሚ ሆነ። ስንቱን ድምፀ መረዋ ከየክፍለ ሀገሩ ለቅሞ ስቱዲዮ አስገባ! ስም ሲያወጡ ጥለውት ሄዱ፤ የቀሩትን ደግሞ ካሴት እየገለበጡ የሚሸጡ ሰዎች በሉበት። የራሱን ሳክስፎን ያሳተመበት አንድ ካሴት ግን ከነካርቶኑ ቀረ። ያኔ እናቱ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሕክምና መጥታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ያንተ የትኛው ነው አለችው፤ ያንን ካሴት ከፈተላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ልጄ፣ ይሄ ቀንድ እንዲህ የሚያለቅሰው ማን ሞቶበት ነው?» አለች። ካሴት ሲጠፋና ሱቁ ሲዘጋ አንድ ወዳጁ ሬዲዮ ጣቢያ ወሰደው፤ የድሮ ሙዚቃ እያሰማ እንዲያወራ። ሠላሳ ዓመት ነፍቶ ያላገኘውን ስም በሳምንት አንድ ሰዓት እያወራ አገኘው። እንደዚያም ሆኖ ልቡ ከቀንዱ አልተላቀቀም። ዘንድሮ ከብዙ ልመና በኋላ በራሱ ስም ትልቅ የጃዝ ኮንሰርት ተዘጋጀለት። ለሰኔ መጨረሻ ተባለ፣ አዳራሽ ጠፋና ወደ ነሐሴ ተገፋ፣ በመጨረሻ በጳጉሜን ሆነ። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበለት። በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ምሳው ሳያልቅ ተነሳ። እማዬ ባትኖርም ወሰንን ልያት፣ ቤቱን ልየው አለ። ሊከለክሉት ምክንያት አጡ። አጎቱ በእግራቸው ሊከተሉት አይችሉም፤ መምሬም ሽማግሌውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። ከምግብ ቤቱ እንደ ወጣ ከኋላው መስታወት ስልክ ስትደውል ሰማ።

መንደሩ ከሞላሌ ቅርብ ነው። አጭዶ የጨረሰው አውድማ ላይ ነው፤ በሬዎች ገብስ ላይ ይዞራሉ። ከሩቅ ሲያዩት ሰዎቹ መንሻቸውን አቁመው ከራሳቸው ላይ ጨርቃቸውን ያወርዳሉ፤ ቀርበው ግን ሰላም አይሉትም። ቀርበው ሰላም ካሉት ማልቀሳቸው ነው፤ ካለቀሱ ደግሞ ማርዳታቸው ነው። በዚህ ደንብ መሐል ብቻውን አለፈ።

ወሰንየለሽ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። ነጭ ሻሽ አስራለች፣ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ንጹሕ ነጠላ ደርባለች። ሻሹ የታሰረው በጥድፊያ ነው፤ ከጆሮዋ በላይ ፀጉሯ ተላጭቶ አጭር ሆኖ እንደበቀለ ይታያል። ሲያቅፋት ሰውነቷ እንጨት ሆነ። አላለቀሰችም። እንዳታለቅስ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ጠቁረሃል» አለችው።

«አንቺም ከስተሻል።»

«አዝመራ ነው።»

ቤቱ ውስጥ የእናቱ መደብ ላይ የበግ ፀጉር ባናዋ በወግ ታጥፎ ተቀምጧል። ከጎኑ የነበረው የምርኩዟ ቦታ ባዶ ነው። ጠላ ቀዳችለት፣ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ያልተጣለ ነገር ከመሬት አነሳች። እሱባለው የመጣበት ንዴት እንዳይበርድበት ፈራ።

«እማዬ ፕሮግራሜን ትሰማለች?» አላት ሆን ብሎ።

ወሰንየለሽ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። «እንዴታ። ቅዳሜ ከሆነ ማንም አያናግራትም። ‹እንደምን ዋላችሁ› ስትል ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?› ትልሃለች። አመመኝ ካልክ ሳምንቱን ሙሉ ስለት ስትሳል ነው። ሙዚቃው ሲገባ ግን ትዘጋዋለች።»

«ትዘጋዋለች?»

«የሬዲዮውን ድንጋይ ይበላብኛል ትላለች። ወሬህ እንዲበቃ ድንጋዩን ትቆጥባለች። ‹ነፍቶ ሲጨርስ ይሆናል› ትልና ከጥቂት በኋላ ትከፍታለች።»

እሱባለው ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ከልቡ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊዞርበት ሲል ጉሮሮውን ጠርጎ ሰዓቱን አየ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ብድግ አለ።

«ጥርት ያለ ኔትወርክ የት ነው የሚገኘው?»

እህቱ ፊቷ አመድ መሰለ። «ዛሬ አይሠራም።»

«አንቺ ስትደውይልኝ ከየት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ። ግን ነገርኩህ፣ አይሠራም። ደግሞ ብርዱ...»

አልጠበቃትም። ስልኩን ይዞ ወጣ።

ጉብታው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተጠግቶ ነው። እዚያ ሲወጣ መቃብሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየው። ድንጋይ የተከመረባቸው ናቸው፤ ስም የተጻፈበት የለም። ገና ሣር ያልበቀለባቸው አዳዲሶች ከጥዱ ሥር ይታያሉ፤ አንድ አይደሉም። ከመካከላቸው አንዱ የእናቱ ነው። የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ወደ አንዱ ጥቂት ተራመደና ቆመ። የሰው እናት መቃብር ላይ ወድቆ ቢያለቅስስ? ከንዴቱ ሁሉ በላይ ያን ጊዜ የተሰማው ይሄ ነው፤ እናቱ የተኛችበትን የሚያሳየው ሰው ያስፈልገው ነበር። ሬዲዮ የሚያዳምጥ አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ግን በገዛ አገሩ የእናቱን መቃብር ጠይቆ የሚደርስ ሰው ነው። ንዴቱ ተመልሶ መጣ።

ስልኩ ጮኸ። አፈወርቅ ነው።

«ጋሽ እሱባለው፣ ጥሩ ይሰማል። መግቢያው እየሄደ ነው፤ ሙዚቃው ሲወርድ ምልክት እሰጥዎታለሁ። ይጠብቁ።»

በስልኩ ውስጥ የራሱ ሳክስፎን ይሰማል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚከፈትበት፣ ሱቅ ውስጥ ለእናቱ ያሰማት ያ ካሴት ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አውቶቡስ ላይ አዘጋጅቶታል። «አድማጮቼ፣ እናቴ ሞታለች፤ የነገረኝ ግን ወገኔ አይደለም።» በልቡ አንድ ጊዜ ደገመው። ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ሰበሰበ። ይህን ይችልበታል።

ወሰንየለሽ ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። አንዱ ጫማዋ በእጇ ነው፤ ሻሹ ወልቆ የተላጨው ራሷ ተገልጧል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዝጋው።»

እጁን አንስቶ ዝም በይ አላት።

«ዝጋው! ስለ እሷ እንዳታወራ። ያን ዕለት እንኳን አደረሰሽ ስትላት እኔ ሬዲዮውን ታቅፌ ነበር። አገሩ ሁሉ ደጄ መጥቶ እንደ አዲስ አለቀሰ። ሁለተኛ አልችለውም።»

«ምን ሆነሻል?» አላት ስልኩን ከጆሮው ሳይነቅል።

ቀርባ ክርኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ትንፋሽ አጥሯታል። «እንዲህ አልነበረም የሚነገረው። ጋሼ ዳኜ ነገ በማለዳ ሰው ሰብስበው ሊያረዱህ ነበር። እኔ ሴቷ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ አቁሜህ... የሚይዝህ ሰው እንኳ አላመጣሁልህም። እኔው እይዝሃለሁ። ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ሞታለች።»

ይህን ቃል ከመስከረም ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ይዘውት ይመጣሉ ብሎ፣ ተነስቶ እየለበሰ ጠብቆታል። ቃሉ ሲመጣ ግን ይዛው የመጣችው ይህች የከሳች፣ ራሷን የተላጨች እህቱ ብቻዋን ነች። መልሱ አፉ ላይ ነበር። «አውቃለሁ» ሊላት፣ ቀጥሎም ከማን እንደ ሰማ፣ ምን ተብሎ እንደ ተሰደበ ሊነግራት።

«እኔ ደብቄህ አይደለም» አለች ወሰንየለሽ እሱ ሳይናገር። «ራሷ ናት። ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል ‹ልጄ ቀንዱን ሊነፋ ቀጠሮ አለው፤ ይሄን ያህል ዓመት የጠበቀውን፣ ነፍቶ ሳይጨርስ እንዳትነግሩት› ብላ አስማለችን። መምሬ ምስክር ናቸው። ከዚያ ቀጠሮህ ተገፋ። እኛም ጠበቅን። ደግሞ ተገፋ። ተዝካሯን ያላንተ ሳወጣ የበላኝን እኔ አውቃለሁ። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ሊመጡልህ ተነስተው ነበር፤ አንተ በሬዲዮ ስትጠራት ጊዜ ሁላችንም አፈርን። በምን ዓይናችን እንየው አልን። ከዚያ የጋሼ ዳኜ እግር... የፈሩት ይደርሳል፣ ይኸው ደረሰ። እርገመኝ ከፈለግህ።»

እሱባለው ያንን አዳራሽ አሰበ። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ነበር። ያ ምሽት የተገዛው በእናቱ ቃልና በዚህች ሴት ዝምታ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሙዚቃውን ድንጋይ ይበላብኛል ብላ የምትዘጋዋ እናቱ፣ እሱ እንዲነፋ ብላ ያለ በኩር ልጇ ተቀበረች።

በስልኩ ውስጥ ሳክስፎኑ ወረደ። «ጋሽ እሱባለው፣ ገብተዋል፣ ይቀጥሉ» አለ አፈወርቅ። ጸጥ ሲልበት «ጋሼ? ይሰማዎታል?» አለ። እሱባለው ስልኩን ዘጋው።

እህቱ ክርኑን እንደ ያዘች ነው። አውቃለሁ ቢላት፣ ከነጩ ሻሽ ጀምሮ ስትዋሽ እያየ ዝም እንዳላት ታውቃለች። የዚያች የእንቁጣጣሽ ቀን ነውር እሱም ጋ መድረሱን ታውቃለች። ዳገቱን የሮጠችው፣ ደንቡን የሰበረችው፣ አምስት ወር ልቧ ውስጥ አምቃ የያዘችው ሁሉ ከንቱ ይሆንባታል። እሱም ዕድሜ ልኩን የእናቱን መርዶ ከማያውቃት ሴት ስድብ የሰማ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«መቼ?» አላት።

«በሰኔ» አለች ወሰንየለሽ፤ እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። «በሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሴ ሲወጣ...»

ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ገባች። እሱም ምንም እንደማያውቅ ሰው አንድ በአንድ ሰማት፤ ማን እንደ ገነዛት፣ ማን እንደ ተሸከማት፣ ከጥዱ ሥር የትኛው ድንጋይ የእሷ እንደሆነ። ወደዚያ በእጇ ስታመለክተው ጉልበቱ ከዳው። ወሰንየለሽም እንዳለችው ያዘችው።